ፋሻው ከተነሳ በኋላስ?

ይህ ዓምድ ስለ ዓይን የምትልኩልኝን ጥያቄ የምመልስበት ነው። ለአዲስ አንባቢ ልንገር፦ ሐኪም አይደለሁም። ዕድሜዬን በዓይን ቀዶ ሕክምና ክፍል የጨረስኩ ነርስ ነኝ። መሣሪያ አቀብያለሁ፣ ጠብታ አድርጌያለሁ፣ ፋሻ ፈትቻለሁ። የዛሬዎቹ ደብዳቤዎች ለድሆች የዓይን ብርሃን ስለሚመልሱ የበጎ አድራጎት ድርጅቶችና ስለ ገቢ ማሰባሰቢያ ዝግጅቶቻቸው ናቸው። የበዓል ሰሞን ሳይሆን አይቀርም፤ ሁሉም ተያይዘው መጡ።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እንደምን ሰነበቱ? በዓይን ሞራ ለታወሩ ድሆች ነፃ ቀዶ ሕክምና በሚያሠራ ድርጅት ውስጥ የዝግጅት ኮሚቴ አባል ነኝ። የምሥረታ በዓላችንን አስታከን የገቢ ማሰባሰቢያ እራት እያዘጋጀን ነው። አንድ ባልደረባችን ሐሳብ አመጣ። ትናንት የተሠሩ እናት መድረክ ላይ ይውጡና ፋሻቸው በእንግዶች ፊት ይነሳ አለ። «አዳራሹ በእንባ ይታጠባል፣ ሰው እጁን ይዘረጋል» ይላል። ኮሚቴው ለሁለት ተከፍሏል። እኔ ልቤ አልተቀበለውም፤ ግን ለምን እንደሆነ ማስረዳት አቃተኝ። — ከኮሚቴው አንዷ

መልስ፦ እህቴ፣ ልብሽን አድምጪው። «ይህ ነገር ይቅርብን» በያቸው። ምክንያቱን እኔ ልጻፍልሽ፣ አንቺ ስብሰባው ላይ አንብቢላቸው።

ፋሻ የሚነሳው ለምርመራ ነው። በማግስቱ ጠዋት ፈትተን ብዙ ነገር እናያለን። ዓይኑ ቀልቷል ወይ? ፈሳሽ አለው ወይ? ኮርኒያው፣ ማለትም ከፊት ያለው ጥርት ያለ የዓይን ሽፋን፣ ጠርቷል ወይስ አብጧል? ቁስሉ ገጥሟል? የዓይኑ የውስጥ ግፊትስ? ከዚያ ይጠረጋል፣ ጠብታ ይገባል፣ ዕይታው ይለካል። የፊደል ሰሌዳውን ማንበብ ለማይችል ጣት እናስቆጥራለን። ይህ ሁሉ የታጠበ እጅና ጸጥታ ይፈልጋል። መድረክ ላይ ያለው ማይክራፎንና የካሜራ ብልጭታ ነው። ትናንት የተሠራ ዓይን ደግሞ ብርሃን ያስጨንቀዋል።

ሌላም አለ፤ የዝግጅት ፕሮግራም ላይ የማይጻፍ። ፋሻው ተነስቶ ብዙም የማይታይበት ጊዜ አለ። ሞራው በደንብ ወጥቷል፣ በምትኩ የገባው ሰው ሰራሽ ሌንስ ቦታውን ይዟል፤ ነገር ግን ከኋላ ያለው፣ ምስሉን የሚቀበለው ሬቲና በስኳር በሽታ ተጎድቶ ኖሯል። ወይም ግላኮማ የሚባለው በሽታ የዓይኑን ነርቭ ቀድሞ ጨርሶታል። ሞራው ነጭ ሆኖ ሲጠነክር ሐኪሙ ከኋላው ያለውን አሻግሮ ማየት አይችልም። አንዳንዴ ደግሞ ዓይኑ ለጥቂት ቀን አብጦ ይቆይና ዕይታው የሚጠራው ቀስ ብሎ ነው። እስቲ አስቢው። መድረክ መሪው ማይክራፎኑን ደቅኖ «እማማ፣ ምን ይታይዎታል?» ሲል፣ «ምንም» ቢሉስ? ማን ያጽናናቸዋል? ባንዱ ይጫወታል?

ከዚህ የሚብሰው ግን ይሉኝታ ነው። ነፃ የታከመ ሰው ያከመውን ማሳፈር አይፈልግም። «ተመስገን፣ ሁሉም ይታየኛል» ይላል። «ስንት ጣት ነው?» ብዬ እጄን ሳነሳ፣ «የፈለግሽውን ያህል ይሁን ልጄ» ያሉኝ አዛውንት አሉ። እንዲህ ያለ ሰው አዳራሽ ሙሉ ጭብጨባ ከተቀበለ በኋላ «አላየሁም» ለማለት ተመልሶ አይመጣም። እዚያው ይቀራል።

ደግሞም ያቺ ቅጽበት የራሳቸው ናት። ሰው ሁሉ «ብርሃን! ብርሃን!» ተብሎ የሚጮህ ይመስለዋል። እኔ የማስታውሳቸው እንዲያ አይደሉም። አንዲት እናት ልጃቸውን ከላይ እስከ ታች አዩና «ምነው እንዲህ ከሳሽ? ለኔ ደህና ነኝ ትይኝ አልነበር?» ብለው ተቆጡ። አንድ ሽማግሌ እጃቸውን አገላብጠው አይተው «ይሄ የማን ነው?» አሉ። ሳያዩት ያረጀ እጅ ነው፣ እንዴት ይወቁት! አንዷ ደግሞ መስተዋት ጠየቀችኝ። አይታ መለሰችልኝና «በቃኝ» አለች። እንደዚህ ያለ ነገር በሰው ፊት የሚሆን አይደለም።

ታዲያ ምን እናድርግ ትይኝ ይሆናል። ከተሠሩ ወራት ያለፏቸውን፣ ራሳቸው መምጣት የፈለጉትን ጋብዙ። ፈቃዳቸውን ከቀዶ ሕክምናው በፊት አትጠይቁ። ተራ ይዞ የተቀመጠ ድሃ «ፎቶ እናንሳዎት?» ሲባል እምቢ ካለ ተራውን የሚያጣ ይመስለዋል። ንግግር አትጻፉላቸው፤ የፈለጉትን ይናገሩ፤ ካልፈለጉም ዝም ብለው ይቀመጡ። እንደ እንግዳ ከእንግዶቹ ጋር አንድ ጠረጴዛ ላይ ይብሉ። መምጫና መመለሻውን እናንተ ቻሉ።

መድረኩ ባዶ እንዳይሆን ደግሞ ቁጥር አሳዩ። ባለፈው ዓመት ስንት ሰው ተሠራ? ስንቱ ለክትትል ተመለሰ? ስንቱ ደህና ያያል? ስንቱስ አላየም? ያችን የመጨረሻዋን ቁጥር ስክሪን ላይ የምታወጣ ድርጅት ጥቂት ናት። እኔ ገንዘቤን የምሰጠው ለእሷ ነው።

ጥያቄ፦ በየዝግጅቱ «በዚህች ትንሽ ገንዘብ የአንድ ሰው ዓይን ይበራል» እንባላለን። ሆስፒታል ከፍሎ ያሠራ ዘመድ አለኝ፤ የሱ ሂሳብ ሌላ ነው። ማነው የሚዋሸው? — ስሌት ወዳድ

መልስ፦ ወንድሜ፣ ማንም ላይዋሽ ይችላል። ነገሩ ረዘም ይላል፣ ይታገሱኝ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።)

የዓይን ሞራ ማለት ከብሌኑ በስተጀርባ ያለው የተፈጥሮ ሌንስ ሲደፈርስ ነው። ድሮ የደፈረሰው ይወጣና በምትኩ የጠርሙስ ቂጥ የሚያህል መነጽር ይሰጣል። መነጽሩ የተሰበረ ቀን ሰውየው ተመልሶ ተመሪ ይሆናል። በ1949 እንግሊዛዊው ሐኪም ሃሮልድ ሪድሊ ለንደን ውስጥ ሰው ሰራሽ ሌንስ በሰው ዓይን ውስጥ አስቀመጠ። ሐሳቡ የመጣው ከጦርነቱ ነው። የተዋጊ አውሮፕላን መስኮት ተሰብሮ ስባሪው ዓይናቸው ውስጥ የገባ አብራሪዎች ነበሩ፤ የዚያ ፕላስቲክ ስባሪ ዓይኑን እንደማያስቆጣው ሪድሊ አስተዋለ። የሙያ ባልደረቦቹ ለብዙ ዓመት ተቃወሙት። በኋላ ሌንሱ በሀብታም አገሮች ተለመደ፤ ለድሃው ግን ዋጋው የማይቀመስ ሆኖ ቆየ።

ዋጋውን የሰበሩት ግትር ሰዎች ናቸው። አውስትራሊያ ይሠራ የነበረው ፍሬድ ሆሎውስ ሌንስ በራሳቸው በድሃ አገሮች መመረት አለበት ብሎ ድርቅ አለ። በኔፓልና በኤርትራ ማምረቻ እንዲቋቋም ገንዘብ ሲያሰባስብ ካንሰር ይዞት ነበር። በ1993 ሞተ፤ ማምረቻዎቹ ግን ሥራ ጀመሩ። ኔፓላዊው ሐኪም ሳንዱክ ሩይት ከባልደረቦቹ ጋር በ1994 ካትማንዱ ላይ የቲልጋንጋን የዓይን ማዕከል ከፈተ። ሕንድ ውስጥ ደግሞ ዶክተር ጎቪንዳፓ ቬንካታስዋሚ ጡረታ ሲወጡ፣ በ1976 ማዱራይ ላይ 11 አልጋ ያላት ክሊኒክ ከፈቱ። ስሟ አራቪንድ ነው። ጣቶቻቸው በቁርጥማት የተጣመሙ ሰው ነበሩ፤ በነዚያ ጣቶች ነው ቀዶ ሕክምና ይሠሩ የነበሩት። የአራቪንድ አካሄድ ቀላል ነው። የሚከፍለው ታካሚ የማይከፍለውን ይሸፍናል። በ1992 አውሮላብ የሚባል የሌንስ ማምረቻ ጨመሩበት። የሌንስ ዋጋ በብዙ እጥፍ ወረደ።

አሠራሩም ይለያል። ዘመድዎ ምናልባት በአልትራሳውንድ ማሽን ሞራውን እየፈጩ በሚያወጡበት መንገድ ተሠርተው ይሆናል። በነፃ ሕክምና ዘመቻዎች ላይ በብዛት የሚሠራው በእጅ ነው። በትንሽ ቁስል፣ ያለ ስፌት። «የድሃ ሕክምና» የሚሉት አሉ። በ2007 በታተመ ጥናት እነሩይት ሁለቱን ኔፓል ውስጥ በ108 ታካሚዎች ላይ አወዳደሩ። ከ6 ወር በኋላ በሁለቱም መንገድ ከታከሙት 98 ከመቶው ከመነጽር ጋር ደህና ዕይታ ነበራቸው። በእጅ የሚሠራው በአማካይ 9 ደቂቃ ሲፈጅ፣ የማሽኑ 15 ደቂቃ ተኩል ወሰደ። ዋጋውም በጣም ያንሳል።

ስለዚህ «ትንሽ ገንዘብ» መባሉ ቅዠት አይደለም። ጥያቄው ውስጡ ምን አለ የሚለው ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሌንሱ፣ ጠብታውና አላቂ ዕቃው ነው። ታካሚውን ከሩቅ የሚያመጣው መኪናስ? አጃቢው የሚያድርበትስ? የክትትል ቀጠሮውስ? ሞራ ያለበትንና የሌለበትን ለመለየት ቀድሞ የሚሄደው ሰውስ? አንድ ዘመቻ ላይ የማይክሮስኮፑ አምፖል ተቃጠለብን። መለዋወጫ የለም። ታካሚው ተሰልፏል፣ ጠብታው ገብቷል፣ ሐኪሙ ጓንቱን አጥልቆ ቆሟል፣ ሌንስ በካርቶን ተደርድሯል። አምፖል ግን የለም! ግማሽ ቀን ቁጭ። እስከ ዛሬ ለአምፖል መግዣ ተብሎ ቶምቦላ ሲቆረጥ አላየሁም።

ሲሰጡ «ይህ ገንዘብ ምን ምንን ይሸፍናል?» ብለው ይጠይቁ። ደህና ድርጅት ጥያቄው አያስቀይመውም። ደስ ካለዎት ደግሞ «ለአምፖል ይሁን» ብለው ይስጡ፤ ሒሳብ ሹሟ ታቅፋ ትስምዎታለች።

ጥያቄ፦ ሲስተር፣ እናቴ በነፃ ዘመቻ አንድ ዓይኗን ተሠርታ ነበር። ጥሩ አይታ ነበር፤ ከጊዜ በኋላ ግን «ጭጋግ መጣብኝ» ትላለች። ጎረቤት «ሞራው ተመልሶ በቀለ፤ በነፃ ሲሠሩት እንዲህ ነው» ይላል። እውነት ነው? — የእናቱ ልጅ

መልስ፦ ልጄ፣ የወጣ ሞራ ተመልሶ አይበቅልም። ጎረቤቶችህን ተዋቸው።

አዲሱ ሌንስ የሚቀመጠው የተፈጥሮው ሌንስ በነበረበት ስስ ከረጢት ውስጥ ነው። ያ ከረጢት ከወራት ወይም ከዓመታት በኋላ ሊደፈርስ ይችላል። የከፈለም ያልከፈለም ላይ ይመጣል። መፍትሔው ያግ የሚባል ሌዘር ነው። ምላጭ የለው፣ ፋሻ የለው፤ ደቂቃዎች ይፈጃል፣ ያንኑ ቀን ቤታቸው ይገባሉ። ችግሩ መሣሪያው በየቦታው አለመኖሩ ነው። ደግሞ ይሄው ነው ብዬ ከዚህ ሆኜ አልፈርድም። መነጽር ፈልገው ሊሆን ይችላል። ስኳር ወይም ግላኮማም ሊሆን ይችላል። በዓይን ሐኪም መታየት አለባቸው። የሕክምና ካርዳቸውን ይዘህ ውሰዳቸው። ሕመም፣ ቅላት፣ ድንገት መጨለም፣ የብርሃን ብልጭታ ወይም እንደ መጋረጃ የሚወርድ ጥላ ካለ ግን ነገ አትበል። ዛሬውኑ።

ድርጅቱ ጋም ደውል። ለክስ አይደለም፤ እንዲያውቁት ነው። ያልነገርከው ሰው በመዝገባቸው ላይ «አይኑ በራ» ተብሎ ይቀመጣል። የዓለም ጤና ጉባኤ በ2021 እስከ 2030 ድረስ ያስቀመጠው ግብ እንኳን የተሠራውን ሰው ብቻ አይቆጥርም። ተሠርቶ ደህና የሚያየውን ነው የሚቆጥረው፤ ቀዶ ሕክምና ከሚያስፈልጋቸው ሰዎች መካከል ያ ድርሻ በ30 የመቶኛ ነጥብ እንዲያድግ ነው የተስማሙት። እናትህ ከዚያ ቁጥር ውስጥ ነበሩ። አሁን ጎድለዋል፤ ድርጅቱ ይሙላቸው።

ጥያቄ፦ ሐኪሞች ለአንድ ሳምንት ከውጭ ይመጣሉ፣ ብዙ ሰው ይሠራሉ፣ ይሄዳሉ። ጥሩ ነው መጥፎ? — ታዛቢ

መልስ፦ ማን እንደሚቀር ይወስነዋል። ዓይን የሚያመረቅዘው እንግዶቹ አውሮፕላን ከተሳፈሩ በኋላ ሊሆን ይችላል። እዚያው የሚቀር፣ የሠለጠነ፣ ስልኩ የሚነሳ ሰው ካለ እሰየው። አብረው እያሠለጠኑ ከሆነ ደግሞ የበለጠ እሰየው። የት እንደሚሠሩም ጠይቁ። አራቪንድ መንደር ወርዶ የሚያደርገው ምርመራ ነው፤ ሞራ ያለበትን በአውቶቡስ ወደ ሆስፒታሉ አምጥቶ ይሠራዋል። ቀዶ ሕክምና ንጹሕ ክፍል ይፈልጋልና።

ጥያቄ፦ ይቅርታ ይደረግልኝና፣ ሽማግሌ ዓይኑ ቢበራ ለስንት ጊዜ ነው? ገንዘቡ ለሕፃናት ቢውል አይሻልም? — ግልጽ ተናጋሪ

መልስ፦ ግልጽነትዎን ወደድኩት፤ ስሌቱ ግን ጎደሎ ነው። ዓይነ ሥውር አያት ብዙ ጊዜ ብቻቸውን አይሄዱም። በትራቸውን የሚይዝ ልጅ አለ። ያ ልጅ ትምህርት ቤት መሆን በነበረበት ሰዓት አያቱን እየመራ ነው። አያትየው ሲሠሩ ልጁ ይፈታል። ቀዶ ሕክምናው ለማን ሆነ ታዲያ?

የሕፃናት ሞራ አለ፤ አስቸኳይም ነው። አንጎል ማየትን የሚማረው በልጅነት ነው። ካረፈደ ሌንሱ ቢገባም አንጎሉ ምስሉን መጠቀም አይችልበትም። ነገር ግን ለሕፃን ሙሉ ሰመመን ያስፈልጋል፣ በዚሁ የሠለጠነ ሐኪም ያስፈልጋል። ዓይኑ ሲያድግ መነጽሩ እየተቀየረ ለዓመታት ክትትል ያስፈልጋል። «ሕፃናት እናክማለን» የሚል ድርጅት ካገኙ «ስንት ዓመት ትከታተሏቸዋላችሁ?» ይበሉት።

እኔ ይልቅ ሌላ ሰልፍ ያሳስበኛል። በ2020 በወጣው ዓለም አቀፍ ግምት የማየት ችግር ካለባቸው ሰዎች 55 ከመቶው ሴቶች ናቸው። ከፊሉ ሴቶች ረጅም ዕድሜ ስለሚኖሩ ነው። ቀሪው ግን የሚያመጣቸው ስለማይኖር፣ ገንዘቡ በእጃቸው ስላልሆነ፣ «እኔ ከቤት አልወጣ፣ ምን ያደርግልኛል» ስለሚሉ ነው። መኪናው ደጃቸው ድረስ ሲሄድ ይመጣሉ፤ በዓይኔ ያየሁት ነው። የመኪና ነዳጅ ደግሞ ፎቶ ላይ አያምርምና ስፖንሰር አያገኝም።

ጥያቄ፦ እኛ ወጣቶች በበዓሉ መግቢያ በር ላይ ያገለገለ መነጽር መሰብሰቢያ ሳጥን ልናስቀምጥ ነው። ሳጥኑን ራሳችን ሠርተን ቀለም ቀብተነዋል። አስተያየት ቢሰጡን? — የወጣቶች ክበብ

መልስ፦ ልጆቼ፣ ቀለሙ ያማረ እንደሚሆን አልጠራጠርም። መነጽሩ ግን ይቅርባችሁ።

የአንዱ ሰው መነጽር ለሌላው የሚሆነው በዕድል ነው። በ2012 የታተመ የአውስትራሊያ ጥናት ከተሰበሰቡት አሮጌ መነጽሮች ለአገልግሎት የሚበቁት 7 ከመቶ ብቻ ሆነው አገኛቸው። ማጠቡ፣ መለካቱ፣ መለየቱና መላኩ ሲደመር ተዘጋጅቶ የሚሸጥ አዲስ መነጽር ከመግዛት ከዕጥፍ በላይ ይወጣበታል። የተቧጨረ መነጽር የተቀበለ ድሃ ደግሞ «አመሰግናለሁ» ብሎ ኪሱ ይከተዋል፤ ስለ ይሉኝታ ቀደም ብዬ ብያለሁ።

መነጽር ራሱ ግን ትልቅ ነገር ነው። በ2024 የታተመ የባንግላዴሽ ጥናት አለ። ዕድሜያቸው ከ35 እስከ 65 የሆኑ፣ ቅርብ ማየት ያቃታቸው የገጠር ሰዎች ናቸው። ለከፊሎቹ የቅርብ መነጽር ወዲያውኑ በነፃ ተሰጠ። ከ8 ወር በኋላ ገቢያቸው ካልተሰጣቸው ሰዎች በ33 ከመቶ በልጦ ተገኘ። መርፌ ማስገባት፣ እህል መልቀም፣ የስልክ ቁጥር ማንበብ ተቻለ ማለት ነው። ፋሻ የለ፣ እንባ የለ፤ ስለዚህ መድረክ ላይ ማንም አይጠራውም። እናንተ ጥሩት።

ሳጥኑ እንግዲህ ከተሠራ አይጣል። ቀዳዳውን አጥብቡትና የአዲስ መነጽር መግዣ ሰብስቡበት። ቁልፉ ሁለት ሰው ጋ ይሁን። ደረሰኝም ቁረጡ።